አንድም ሙቀት፣ አንድም ጊዜ፣ አንድም ውጥረት

ደብረ ብርሃን ላይ ድስት ጥዶ፣ ውኃው ሲንተከተክ ቴርሞሜትር የሚነክር ሰው 100 ዲግሪ አያነብም፤ 90 ወይም 91 ነው የሚያነበው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ መጽሐፉም አልዋሸም። «ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጅራት አለው፤ «የአየሩ ግፊት 101.3 ኪሎ ፓስካል ከሆነ» የሚል። ጅራቱን ቆርጠን ራሱን ብቻ ስለሸመደድነው ነው ነገሩ እንግዳ የሚሆንብን። 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ የሚጫነው በ72 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ውኃው ቶሎ ይፈላል፤ ባቄላው ግን ቶሎ አይበስልም። ማገዶ መጨመርም አይረዳም፤ እየፈላ ያለ ውኃ እሳት ሲጨመርበት ፈጥኖ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከ90ው ፈቀቅ አይልም። የሚያዋጣው ባቄላውን ከማታ ጀምሮ መዘፍዘፍ ወይም ግፊቱን ከፍ የሚያደርግ ፕሬዠር ኩከር መጠቀም ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎች «ሁሉም ፎርሙላ በአንድ ገጽ» የሚል ወረቀት ይፈልጋሉ። ወረቀቱ መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን መልስ የሚያሳስቱት ነገሮች እዚያ ገጽ ላይ የማይጻፉት ናቸው፤ ፎርሙላው የሚሠራበት ሁኔታ፣ መለኪያው፣ ፊደሉ እዚህ ቦታ ላይ የቆመለት ነገር። በሒሳብ ስህተት የሚሳሳት ተማሪ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው በንባብ የሚሳሳት ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ያውቃል። ንባቡን የያዘ ሰው ትርጓሜ ካልወረደ «ተምሯል» አይባልም። መምህሩም አንዱን ቃል «አንድም» እያለ ሦስት አራት መንገድ ያወርደዋል። ፎርሙላም አንድምታ አለው። «ቲ» የምትባለው የፈረንጅ ፊደል አንድም ሙቀት ናት፣ አንድም የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ ናት፣ አንድም የገመድ ውጥረት ናት። «ላምዳ» አንድም የሞገድ ርዝመት፣ አንድም የራዲዮአክቲቭ መበስበስ ፍጥነት ነው። «ፒ»ም ግፊት፣ ፓወር፣ ሞመንተም እያለች ትለዋወጣለች። ፊደሏን እንጂ ነገሩን ያልያዘ ተማሪ፣ የገመድ ውጥረት በተጠየቀበት ቦታ ኬልቪን ያስገባል። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ፎርሙላዎቹን በፊደል ሳይሆን በቃል ነው የምጽፋቸው። ይረዝማሉ፤ ይርዘሙ።

ወደ ድስቱ እንመለስ። ስሌቱ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ግፊቱ። የጋዝ ቋሚ ቁጥር 8.314 በአየሩ ሙቀት ይባዛል፤ ከዚያ የአንድ ሞል አየር ክብደት 0.029 ኪሎ ግራም በስበት ሽምጠጣ (አክስለሬሽን) 9.8 ተባዝቶ በሚገኘው ይካፈላል። ሙቀቱን 12 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም 285 ኬልቪን ብንይዝ ወደ 8,340 ሜትር ይወጣል። ይህ የአየሩ መለኪያ ቁመት ነው፤ ያንን ያህል በወጣን ቁጥር ከግፊቱ የሚቀረው 37 በመቶው ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ÷ 8,340፣ ማለትም 0.34 ያህሉን ነው የወጣችው። 2.718 በ−0.34 ርቢ ሲነሳ 0.71 ይሆናል፤ 0.71 × 101.3 ደግሞ 72 ኪሎ ፓስካል ነው።

ቀጥሎ መፍያው።

1 ÷ አዲሱ የመፍያ ሙቀት = 1 ÷ 373 + (8.314 ÷ 40,700) × 0.34

40,700 አንድ ሞል ውኃ ለማትነን የሚያስፈልገው ጁል ነው። ውጤቱ 363.6 ኬልቪን፣ ከ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ያንኑ መንገድ ይዘን 1,280 ሜትር ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ብንወርድ ግፊቱ 87 ኪሎ ፓስካል፣ መፍያው ወደ 96 ዲግሪ ይሆናል። የመጀመሪያው ፎርሙላ አየሩ ከታች እስከ ላይ እኩል ይሞቃል ብሎ የሚያስብ ስለሆነ አንድ ኪሎ ፓስካል ያህል ሊዛነፍ ይችላል። ለድስት ግን ይበቃል።

አሁን 285ቱን ትተን 12 እናስገባ፤ ቴርሞሜትሩ 12 ነው የሚለው አይደል? መለኪያ ቁመቱ 351 ሜትር ይሆናል፤ የደብረ ብርሃን ግፊትም 31 ፓስካል። ማርስ ላይ ያለው ስስ አየር እንኳ 600 ፓስካል ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ደብረ ብርሃን ላይ ሰው አይኖርም። እንዲህ ያለ መልስ ወረቀት ላይ ሲወጣ ቁጥሩን አይቶ መደንገጥ ከፎርሙላው የሚበልጥ እውቀት ነው። ጋዝና ጨረር ባለበት ሁሉ ሙቀት ኬልቪን ነው። የሙቀት ልዩነት ብቻ ሲፈለግ ግን፣ ለምሳሌ ውኃ ከ20 ወደ 80 ሲሞቅ፣ ሴልሺየስም ኬልቪንም ያው 60 ነው። ልዩነት ላይ 273 የሚደምረውም ተማሪ አለ፤ ያ ደግሞ ሌላኛው ገደል ነው።

ገደል ካልን ጣርማበር አለ። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆፈረው 587 ሜትር ዋሻ ያልፍና ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። የከፍታው ልዩነት 1,900 ሜትር ገደማ ነው። የመካኒክስን ምዕራፍ ሙሉውን እዚህ ቁልቁለት ላይ ማስተማር ይቻላል።

20 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና እንውሰድ። ከላይ ሲነሳ የያዘው የከፍታ ኢነርጂ ክብደት × ስበት × ከፍታ ነው፤ 20,000 × 9.8 × 1,900 = 372 ሚሊዮን ጁል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 10 ሜትር ሲሄድ ያለው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ደግሞ ½ × 20,000 × 10 × 10 = 1 ሚሊዮን ጁል ብቻ። ብዙ ሰው ፍሬንን የሚያስበው «መኪና ማቆሚያ» አድርጎ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ማቆሙ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ 372ቱን ሚሊዮን ጁል የሆነ ቦታ ማድረስ ነው። የጎማው መንከባለልና ነፋሱ ከፊሉን ይወስዳሉ፤ የቀረውን ሁሉ ለፍሬን ብንተውለትስ? የፍሬኑ ብረት በድምሩ 400 ኪሎ ቢሆን፣ አንድ ኪሎ ብረት በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 450 ጁል ይፈልጋልና፣ የሙቀቱ ጭማሪ 372,000,000 ÷ (400 × 450) = 2,067 ዲግሪ ይመጣል። ብረት በ1,538 ዲግሪ ይቀልጣል። በእርግጥ ፍሬኑ እየሄደ ስለሚቀዘቅዝ እዚያ አይደርስም። ግን የፍሬን ሸራው ከመቅለጥ ብዙ በፊት፣ ጥቂት መቶ ዲግሪ ላይ፣ መያዙን ይተዋል። «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

መውጫው በፓወር ይታያል። ፓወር ኢነርጂ ሲካፈል ለጊዜ ነው። ቁልቁለቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ 372,000,000 ÷ 5,400 = 69 ኪሎ ዋት። በአርባ አምስት ደቂቃ ቢወረድ 138 ኪሎ ዋት። ኢነርጂው ያው ነው፤ የሚለወጠው ብረቱ በሴኮንድ የሚቀበለው ሙቀት ነው። በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ማለት ያንን 69 ኪሎ ዋት ሞተሩ አየር በመጭመቅ እንዲበላውና ራዲያተሩ እንዲያወጣው ማድረግ ነው። ልምድ ያለው ሹፌር «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ሲል ይህን ስሌት ነው የሚናገረው። ማርሽ ለመቀነስ ፍሬኑ እስኪሸት መጠበቅ አይገባም፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

የማቆሚያ ርቀት ላይ የሚያስፈልገው ፎርሙላ አጭር ነው።

ርቀት = ፍጥነት × ፍጥነት ÷ (2 × የመዘግየት ሽምጠጣ)

ሁኔታው ሽምጠጣው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል መሆኑ ነው፤ ሦስቱም የታወቁ የእንቅስቃሴ ፎርሙላዎች በዚሁ ላይ የቆሙ ናቸው። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር በሴኮንድ 15 ሜትር ነው፤ ለ3.6 ማካፈል እንጂ ማባዛት አይደለም። ደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃ (ፍሪክሽን) ቁጥሩን 0.7 ብንል ሽምጠጣው 0.7 × 9.8 = 6.86፤ ርቀቱ 225 ÷ 13.7 = 16 ሜትር። ጉም በወረደበት እርጥብ መንገድ ላይ 0.3 ብንል 38 ሜትር። ያው እርጥብ መንገድ 8 በመቶ ቁልቁል ሲሆን ስበቱ ከሰበቃው ላይ ይቀንሳል፤ 9.8 × (0.3 − 0.08) = 2.16፤ ርቀቱም 52 ሜትር ይደርሳል። ሹፌሩ እስኪነቃ የሚያልፈው አንድ ሴኮንድ 15 ሜትር ይጨምርበታል። 67 ሜትር ማለት ነው። የጣርማበር ጉም ባለበት ቀን ፊት ለፊት 67 ሜትር የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ኩርባው ላይ ሌላ ነገር አለ። መኪናን በኩርባ ለመያዝ የሚያስፈልገው ፎርስ ክብደት × ፍጥነት × ፍጥነት ÷ የኩርባው ሬዲየስ ነው። ሰበቃው የሚሰጠው ደግሞ የሰበቃ ቁጥር × ክብደት × ስበት። ክብደት ከሁለቱም ወገን ይጠፋል፤ ስለዚህ ባዶውም የተጫነውም በአንድ ፍጥነት ይንሸራተታሉ። ሬዲየሱ 30 ሜትር ሆኖ ደረቅ ከሆነ በሰዓት 52፣ እርጥብ ከሆነ 34 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ መጽሐፍ እዚህ ላይ ያቆማል፤ መንገዱ ግን አያቆምም። ጭድ ወይም ጆንያ ቆልሎ የጫነ መኪና ከመንሸራተቱ በፊት ሊገለበጥ ይችላል። የመገልበጫው ፍጥነት √(9.8 × ሬዲየስ × የጎማዎቹ ስፋት ÷ (2 × የክብደቱ መሀል ከፍታ)) ነው። ስፋቱ 1.6 ሜትር፣ የክብደቱ መሀል 1.8 ሜትር ከፍ ቢል በሴኮንድ 11.4 ሜትር፣ በሰዓት 41 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ደረቅ መንገድ ላይ 41 ከ52 ያንሳል፤ ጎማው ሳይንሸራተት መኪናው ይተኛል። እርጥብ ላይ 34 ከ41 ስለሚያንስ መጀመሪያ ይንሸራተታል። የትኛው እንደሚቀድም ሁለቱንም ሳያሰሉ ማወቅ አይቻልም።

ካልኩሌተርም እዚህ ያታልላል። 5 ዲግሪ ቁልቁለት ሳይኑ 0.087 ነው። ማሽኑ ራዲያን ላይ ተረስቶ ከሆነ −0.959 ይላል፤ መኪናው በራሱ ወደ ጣርማበር ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ፈተና ከመጀመሩ በፊት የ30ን ሳይን መጠየቅ ነው፤ 0.5 ካላለ ማሽኑ ሌላ ቋንቋ ላይ ነው ያለው። የስበት ሽምጠጣን 9.8 ይሁን 10 እያሉ የሚጨቃጨቁትን ግን አልደግፍም። ልዩነቱ 2 በመቶ ነው፤ የሰበቃው ቁጥር ራሱ በ20 በመቶ የማይታወቅ ሆኖ ሳለ ስበትን እስከ ሦስተኛ አሥርዮሽ መጻፍ ውሸት ትክክለኛነት ነው።

ጣርማበር ላይ ጠጥተው የጨረሱትን ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀው ሸዋ ሮቢት ይዘውት የወረዱ ሰዎች ጠርሙሱ ተጨምድዶ ያገኙታል። ከቆላ የታሸገ የድንች ጥብስ ደግሞ ሽቅብ ሲወጣ እንደ ከበሮ ይነፋል። ግፊት × ይዘት ÷ ሙቀት አይለወጥም፤ ያመለጠ ጋዝ እስከሌለ ድረስ። ከሸዋ ሮቢት 87 ወደ ጣርማበር 69 ኪሎ ፓስካል፣ ከ303 ወደ 283 ኬልቪን ሲሄድ ይዘቱ (87 ÷ 69) × (283 ÷ 303) = 1.18 ይሆናል፤ 18 በመቶ መንፋት። ብርዱ ባይቀንስለት ኖሮ 26 በመቶ ይደርስ ነበር።

በዚሁ ፎርሙላ የጎማ ሰዓት ያታልላል። ሰዓቱ የሚያነበው ከአየሩ ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ፎርሙላው የሚፈልገው ደግሞ ጠቅላላውን። ደብረ ብርሃን ንጋት ላይ በ5 ዲግሪ 250 ኪሎ ፓስካል የተነፋ ጎማ በእውነቱ 250 + 72 = 322 ይዟል። ሸዋ ሮቢት ላይ 45 ዲግሪ ሲሞቅ 322 × 318 ÷ 278 = 368፤ ከዚያ የቦታውን 87 ስንቀንስ ሰዓቱ 281 ያነባል። ሴልሺየሱን በቀጥታ ያስገባ ሰው 45 ÷ 5 ብሎ ዘጠኝ እጥፍ፣ 2,250 ኪሎ ፓስካል ያገኛል። በዚያ ቢሆን ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ጎማ ሁሉ መንገድ ላይ በፈነዳ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ነው፤ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ምክንያቱን የያዘው የጨረር ፎርሙላ ነው። አንድ ካሬ ሜትር የሚያወጣው ጨረር በዋት = 0.0000000567 × ሙቀት በአራተኛ ርቢ። 5 ዲግሪ ላይ ያለ መሬት፣ 278 ኬልቪን፣ በካሬ ሜትር 339 ዋት ያወጣል። ሰማዩ ደረቅና ጥርት ያለ ሲሆን እንደ −18 ዲግሪ ጣሪያ ሆኖ 240 ዋት ቢመልስ፣ መሬቱ 99 ዋት ይከስራል፤ ሌሊቱን ሙሉ። ደመና ካለ ግን ደመናው ራሱ ሞቅ ያለ ጣሪያ ስለሆነ ከሚወጣው የሚበዛውን ይመልሰዋል፤ ባቄላውም ይተርፋል። እዚህ የሚሠራው ስህተት ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ሁለቱን ሙቀቶች ቀንሶ 23ን በአራተኛ ርቢ ማንሳት። ያ 0.016 ዋት ይሰጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ይነሳል፤ ከዚያ ነው መቀነሱ።

ቤቱ ውስጥስ? በግድግዳ የሚያልፍ ሙቀት = የቁሱ አስተላላፊነት × ስፋት × የሙቀት ልዩነት ÷ ውፍረት። የመንዝ ጓሳ ሣር ክዳን 30 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፣ አስተላላፊነቱን 0.07 ብንል፣ ለ15 ዲግሪ ልዩነት በካሬ ሜትር 3.5 ዋት ብቻ ያሳልፋል። ቆርቆሮ ላይ ያንኑ ፎርሙላ ብንሞክር፣ 50 × 15 ÷ 0.0004 = 1,875,000 ዋት! በአንድ ካሬ ሜትር። ፎርሙላው ልክ ነው፤ ያስገባነው 15 ነው ልክ ያልሆነው። ቆርቆሮው ከላይና ከታች ያለው የሙቀት ልዩነት 15 አይደለም፤ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። 15ቱ ዲግሪ የሚያርፈው ከብረቱ በላይና በታች ተጣብቆ በቆመው ስስ አየር ላይ ነው። የዚያን አየር መከላከያ ከውስጥ 0.1፣ ከውጭ 0.04 ብንይዝ 15 ÷ 0.14 = 107 ዋት ይወጣል። ከሣሩ ሠላሳ እጥፍ ነው፤ ሚሊዮን ግን አይደለም። ለዚህ ነው ቆርቆሮ ሥር ኮርኒስ መምታት ይህን ያህል የሚያሞቀው፤ ጨርቁ ሳይሆን ያቆረው አየር ነው ሥራውን የሚሠራው።

የውኃ ነገር አጭር ነው። ከቧንቧው 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 1,000 × 9.8 × 3 = 29.4 ኪሎ ፓስካል ነው። የሮቶው ስፋት እዚህ ስሌት ውስጥ የለም። 5,000 ሊትሩም 1,000 ሊትሩም ከፍታቸው እኩል ከሆነ እኩል ይገፋሉ። ሻወሩ ደካማ ሲሆን ትልቅ ሮቶ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን አባከነ፤ ከፍ አድርጎ መስቀል ነበረበት። ሌላው ፓምፕ ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ ከጉድጓድ የሚስብ ፓምፕ ውኃውን አይጎትትም፤ አየሩ ነው ከታች የሚገፋለት። ስለዚህ ገደቡ የአየር ግፊት ÷ (1,000 × 9.8) ነው። ባሕር ጠለል ላይ 10.3 ሜትር፤ ደብረ ብርሃን ላይ 72,000 ÷ 9,800 = 7.3 ሜትር። በቧንቧው ሰበቃና በውኃው ትነት ምክንያት በተግባር ከ5 ሜትር ብዙ አያልፍም። ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» የሚለው ጽሑፍ የተለካው ለቆላ ነው። ከዚያ ለሚጠልቅ ጉድጓድ ፓምፑን ራሱን ውኃው ውስጥ ማጥለቅ ግድ ነው። ከታች የሚገፋ ፓምፕ በዚህ ገደብ አይታሰርም።

ኤሌክትሪክ ላይ አማርኛችን ራሱ ያስቸግራል። «ኃይል» የሚለው ቃል ፎርስንም፣ ኢነርጂንም፣ ፓወርንም ይሸከማል። ይባስ ብሎ ቆጣሪው የሚቆጥረውን «ኪሎ ዋት በሰዓት» እንለዋለን። «ኪሎ ሜትር በሰዓት» ማካፈል ነው፤ የቆጣሪው ግን ማባዛት ነው፤ ኪሎ ዋት ሰዓት። 3.5 ኪሎ ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢጣድ 3.5 × 2 = 7 ይቆጥራል። የሚያካፍለው ሰው ምጣዱ ብዙ በጋገረ ቁጥር ቢሉ ይቀንስለታል!

ያው ምጣድ በ220 ቮልት 3,500 ÷ 220 = 15.9 አምፔር ይስባል። ሬዚስታንሱ 220 ÷ 15.9 = 13.8 ኦም ነው። ማድ ቤቱ ከቆጣሪው 30 ሜትር ቢርቅ ገመዱ ሄዶ መመለሻውን ጨምሮ 60 ሜትር ነው፤ ይህቺ ሁለት እጥፍ ሁሌ ትረሳለች። የገመድ ሬዚስታንስ = የመዳብ ቁጥር × ርዝመት ÷ የተቆረጠ ፊቱ ስፋት። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ላይ 0.0000000172 × 60 ÷ 0.0000015 = 0.69 ኦም። ገመዱ ላይ 11 ቮልት ይቀራል፤ 174 ዋት ገመዱን ያሞቃል። በጥቅል የተተወ ማራዘሚያ ደግሞ ያንን ሙቀት ማውጫ የለውም፤ ፕላስቲኩ የሚቀልጠው ለዚህ ነው። 4 ካሬ ገመድ ቢሆን 4 ቮልት፣ 65 ዋት ብቻ ነው። ስሌቱ ላይ ያንን ስፋት በካሬ ሜትር ሳይሆን በካሬ ሚሊ ሜትር ያስገባ ሰው አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይሳሳታል።

መብራቱ ደክሞ 180 ቮልት ሲደርስስ? እዚህ ላይ ነው ፓወር በሦስት መልክ የሚጻፍበት ምክንያት የሚገለጠው። ቮልቴጅ × ከረንት፣ ከረንት × ከረንት × ሬዚስታንስ፣ ቮልቴጅ × ቮልቴጅ ÷ ሬዚስታንስ። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ የትኛውን መያዝ እንዳለብን የሚነግረን የማይለወጠው ነገር ነው። ምጣድ ላይ የማይለወጠው ሬዚስታንሱ ነው፤ 180 × 180 ÷ 13.8 = 2,350 ዋት። ቮልቴጁ በ18 በመቶ ወረደ፣ ሙቀቱ በ33 በመቶ። እንጀራው ዓይን የማያወጣው ለዚህ ነው። የውኃ ፓምፕ ሞተር ግን ሌላ ነው። ጭነቱን ለመጎተት ሲታገል ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንቱን ይጨምራል፤ ጠመዝማዛ ሽቦውም ይቃጠላል። በደከመ መብራት ምጣድ ዝም ብሎ ያዘግማል፤ ሞተር ይሞታል። የመስመሩ ብክነትም በከረንቱ ካሬ ስለሚሄድ ነው ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚመረጠው፤ ያው ፓወር በ15,000 ሳይሆን በ33,000 ቮልት ቢላክ ብክነቱ ወደ አምስተኛ ይወርዳል።

ድምፅ ላይ ብዙ አልቆይም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ ይዘገያል የሚሉ አሉ፤ ልክ አይደለም። ፍጥነቱ √(1.4 × 8.314 × ሙቀት ÷ 0.029) ነው፤ ግፊት ፎርሙላው ውስጥ የለም። 10 ዲግሪ ላይ በሴኮንድ 337 ሜትር፤ የትም ቦታ። የጀማ ገደል አፋፍ ላይ የተጮኸ ድምፅ በ2 ሴኮንድ ቢመለስ ማዶው 337 ሜትር ነው፤ 674 ያለ ሰው መመለሻውን ዘንግቷል። ኦፕቲክስ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። የሌንስ ፎርሙላ በሁለት የምልክት ልማድ ይጻፋል፤ አንዱ መደመር፣ ሌላው መቀነስ ያለበት። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ከአንዱ መጽሐፍ ፎርሙላ፣ ከሌላው ምልክት የወሰደ ግን ምስሉን የማይገኝበት ቦታ ያስቀምጠዋል።

የቀረው ድንጋዩ ነው። ጣርማበር በጂኦሎጂስቶች ዘንድ ስሙን ለአንድ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብር የሰጠ ቦታ ነው፤ ያ ባዛልት ዕድሜው በሚሊዮን ዓመታት ይቆጠራል። ዕድሜ የሚለካበት ፎርሙላ አንድ ነው፤ የተረፈው ክፍልፋይ = ½ በ(ዕድሜ ÷ ግማሽ ዕድሜ) ርቢ። ነገር ግን የትኛውን ሰዓት እንደምናነብ መምረጥ አለብን። ካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ነው። 20 ሚሊዮን ዓመት ማለት 3,490 ጊዜ መገመስ ነው፤ አንድም አቶም አይተርፍም፤ በዚያ ላይ ባዛልት ሲጀመር ሕይወት ያለው ነገር አልነበረም። ፖታሲየም 40 ግን ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። በ20 ሚሊዮን ዓመት የሚበሰብሰው 1.1 በመቶ ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ወደ አርጎን የሚለወጠው 11 በመቶ ያህሉ፤ የቀረው ካልሲየም ይሆናል። ይህን ክፍፍል የረሳ ሰው ዕድሜውን በዘጠኝ እጥፍ ገደማ ያሳንሰዋል። ደግሞ አርጎን ጋዝ ነው፤ ድንጋዩ ከተሰነጠቀ፣ ዝናብ ከበላው ወይም በኋላ በመጣ ቅልጥ ከሞቀ ይሾልካል፤ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ናሙና የሚወስድ ሰው መንገድ ዳር የተገኘውን ቡናማ ቅርፊት ያለው ድንጋይ አያነሳም። በመዶሻ ይሰብረውና ውስጡ ጥቁርና ያልነካካ መሆኑን አይቶ ነው ከረጢት ውስጥ የሚከተው።